የጕንጭ ውጋትና የደም ብዛት በጉራጌ አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጉራጌ አገር የሚያደርሱት ሁለቱ ጐዳናዎች፣ አንደኛው በዓለም ገና ታጥፎ ቡታጅራን አልፎ ወደ ሆሳዕና የሚወርደው፣ ሁለተኛውም በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ከደረሰ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆና ወደ ጅማ የሚዘልቀው፣ የጉራጌን ተራሮች በመካከል ትተው በምሥራቅና በምዕራብ የሚያልፉ ስለ ሆኑ፣ የአገሩ ሰው ለንግድም ሆነ ለመስቀል በዓል፣ ለለቅሶም ሆነ ለሕክምና ሲመላለስ ከሁለቱ በአንዱ መጓዙ አይቀርም። ስለ ጉራጌ ንግድ፣ ስለ ክትፎውና ስለ ቆጮው፣ ስለ መስቀሉም ድምቀት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሕመሙ የተጻፈው ግን አብዛኛው በሐኪሞች መጽሔት ውስጥ ታትሞ፣ ያውም በባዕድ ቋንቋ፣ የቀረ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ጕዳይ፣ ይኸውም የደም ብዛትንና የፊት ነርቭ ሕመምን ዝምድና፣ በቡታጅራና በወልቂጤ ከተሞች ታሪክ በኩል አድርጎ ለአንባቢ ማቅረብ ከንቱ ድካም አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የፊቱ ሕመም ምን እንደሚመስል በዐይኑ ያላየ ሰው በቃል ብቻ ለመረዳት ይቸገራል። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው፣ በግንባር፣ በጕንጭና በመንጋጋ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ሆኖ የሚዘረጋው፣ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። እርሱ በታወከ ጊዜ ሕሙሙ ፊቱን ሲታጠብ፣ እህል ሲያኝክ፣ የማለዳ ብርድ ጕንጩን ሲዳብሰው፣ አንዳንዴም ስሙን ጠርተውት አቤት ለማለት አፉን ሲከፍት፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚያነዝር ውጋት በድንገት በአንድ ወገን ፊቱ ይለቅበትና፣ በጥቂት ሰከንድ ወይም ቢበዛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትቶት ይሄዳል፤ ትቶት መሄዱም ለመመለስ ነው። ከዚህ የተነሣ ምግብ የሚፈራ፣ ጢሙን ሳይላጭ የሚከርም፣ ከሰው ጋር መነጋገርን የሚሸሽ ሕሙም ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰዎችን ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል። የደም ብዛት በበኩሉ ድምፅ የሌለው ደዌ ነው፤ ለዓመታት በሰው አካል ውስጥ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲድር ሲኳል አንዳች ሳያስታውቀው፣ የደም ሥሩን፣ ልቡንና ኵላሊቱን ሲጐዳ ይኖራል። የመጀመሪያው ደዌ ራሱ ጮኾ ስለሚናገር ሰው ሁልጊዜ አውቆታል፤ የሁለተኛውን መኖር ለማወቅ ግን መሣሪያ መፈልሰፍና፣ መሣሪያውንም ይዞ በየሰዉ ደጅ መሄድ አስፈልጓል።

በቀድሞው ዘመን የጉራጌ ሰው ሲታመም የሚሄድበት ሥፍራ አልጠፋም ነበር። ክርስቲያኑ ወደ ምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ወይም ወደ ምሁር ኢየሱስ ገዳም ሄዶ ተሳልሞ ጠበል ይጠመቃል፤ ሙስሊሙ በአብሬት ሼኽ ደጅ ዱዓ ያስደርጋል፤ በጥንቱ እምነት የጸናውም፣ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ዋቅና ቦዠ ወደሚባሉት አማልክት አገልጋዮች ስለቱን ይዞ ይሄዳል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ካሸውና ካሰረው በኋላ፣ ለዚሁ ተብሎ ከተለየ የእንሰት ዓይነት የተቀቀለ አሚቾ ይበላል፤ ለእያንዳንዱ ችግር የትኛው እንሰት እንደሚሻል የሚያውቁ እናቶች ዛሬም በየጓሮው አሉ። ደብተራው ደግሞ፣ በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍተ መድኃኒት ይዞ፣ ለራስ ምታትና ለውጋት የሚሆነውን ሥር እየማሰና ቅጠል እየቀጠፈ፣ ክታብም እየጻፈ ይሰጥ ነበር።

በፊት ላይ የወጣ ሕመም በነዚህ ሁሉ ዘንድ ከሦስት ወይም ከአራት ስም በአንዱ ይጠራ ነበር። ፀሐይ ከመታው በኋላ ከንፈሩ የቈሰለና ራሱን ያመመው ሰው ምች መትቶታል ይባልና፣ ዳማከሴ በእጅ ታሽቶ ጭማቂው ይጠጣል፣ በአፍንጫም ይጨመራል። በአንድ ወገን ፊቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣበት ሰው አልማዝ ባለ ጭራ ይዞታል ይባላል፤ ይህም ደዌ ቍስሉ ከደረቀ በኋላ የሚዘገይ የነርቭ ሥቃይ ትቶ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከርእሳችን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ፊቱ በድንገት የተጣመመ እንደ ሆነ ክፉ ነፋስ ወይም መንፈስ ነክቶታል ይባላል። ቍስል ሳይኖር፣ እብጠትም ሳይታይ መንጋጋ ውስጥ የሚወጋ ሲሆን ግን ፍርዱ ምንጊዜም አንድ ነበር፤ ጥርስ ነው። ጥርሱም ይነቀላል፤ ውጋቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ይነቀላል፤ ከዚያም ቀጣዩ። በዚህ ነገር የድሮ ጥርስ ነቃዮችን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። የአምስተኛው ነርቭ የታችኛውና የመካከለኛው ቅርንጫፍ ጥርስን የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ፣ ሕሙሙ ራሱ ጣቱን በጥርሱ ላይ አድርጎ፣ «ይህችን ነው» ብሎ እየማለ የሚያሳይ ነውና፤ ባማረ ክሊኒክ ነጭ ካፖርት ለብሶ የሚሠራው የዛሬው ሐኪምም ቢሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሳይቀር፣ በዚሁ ማስረጃ ተታሎ ጤነኛ ጥርስ ሲነቅል ይገኛል።

ለራስ መክበድና ለማዞር ሌላ መድኃኒት ነበረ፤ ዋግምት። ባለሙያው ቆዳውን ይበጣና ቀንዱን ከላዩ ይደፋል፤ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል፤ የረጋ ደም ሲወጣም በሽተኛው ራሴ ቀለለኝ ይላል። ደም በዝቷል ከተባለ ማውጣት ነው የሚለው አሳብ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚሁ ሲመሩ ኖረዋል። ነገር ግን ደዌው የደሙ መብዛት ሳይሆን፣ ደሙ በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ስለ ሆነ፣ በቀንድ የወጣው ደም ለጊዜው ቢያቀልም ሥሩን አያድነውም።

በሌላው ዓለም የፊቱን ሕመም ለይቶ ለማወቅ የተደረገው ምርምር ረዥም መንገድ ተጕዟል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው ፋርሳዊው ሐኪም ጁርጃኒ፣ በአንድ ወገን ፊት የሚነሣውን ውጋት ጠቅሶ፣ መንሥኤው የደም ሥር ለነርቩ መቅረቡ እንደ ሆነ የጻፈውን ኋላ ያነበቡት ሊቃውንት ተደንቀውበታል፤ አሳቡ ከዘመኑ ስምንት መቶ ዓመት ቀድሟልና። በ1756 ኒኮላ አንድሬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ በ1773ም ጆን ፎዘርጊል የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የሕመሙን ጠባይ በዝርዝር ገለጹ፤ በ19ኛውም ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻርልስ ቤል ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ፊትን ከሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የተለየ መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ፊት መጣመምና ፊት መውጋት ሁለት ደዌ መሆናቸው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱ «የፊት ነርቭ» በሚል በአንድ ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። ፊት መጣመምን ከደም ብዛት ጋር ያያያዘው ደግሞ እንግሊዛዊው ዋልተር ሞክሰን ሲሆን፣ ይህንንም በ1869 ጽፏል።

የደሙን ኀይል የሚለካው መሣሪያ የተወለደበትን ዓመት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊዘነጋው አይችልም። ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያውን ያስተዋወቀው በ1896 ነው፤ የአገሩ ሠራዊት በዐድዋ ድል በሆነበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ለመሣሪያው የተጠቀመበትም የቢስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነበር። በዚያው ዓመት የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዐድዋን ቍስለኞች ለማከም አዲስ አበባ ገብተው የከፈቱት ሕክምና፣ በኋላ ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሠረት ሆነ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለው ሩስያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ በክንድ መታጠፊያ ላይ የማዳመጫውን ጆሮ አስቀምጦ የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት በድምፅ መለየት እንደሚቻል አስታወቀ። እንግዲህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ጤና ጣቢያ ክንድ የሚታሰርበት ጨርቅ የኢጣሊያ፣ የሚደመጠውም ድምፅ የሩስያ ነው ማለት ነው።

መሣሪያው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጉራጌ ገጠር እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። በወልቂጤ በኩል ሕክምናን ወደ ገጠሩ ካቀረቡት ስመ ጥር ቤቶች አንዱ በ1969 የሜዲካል ሚሽን እኅቶች ያቋቋሙት የአጣጥ የእመቤታችን ሆስፒታል ነው። ደናግሉ የመጡት በመጀመሪያ ለወላዶችና ለሕፃናት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በአገሩ የነገሠው ወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የወሊድ ሞት ስለ ነበረ፣ ስለ ደም ብዛት የሚያስብ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቡታጅራ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ መጣ። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና መምህራን፣ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው፣ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ደስታ ሻመቦ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው በሙሉ ተቈጠረ፤ ከዚያም መዝጋቢዎች በየወሩ፣ ኋላም በየሦስት ወሩ እየዞሩ፣ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባና ማን አገር ለቅቆ እንደ ሄደ ይጽፉ ጀመር። መንግሥት ግብር ሊጥል፣ ወይም ወታደር ሊመለምል ነው ብሎ ያልጠረጠረ ገበሬ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ በዚያ ዘመን ቤት ቈጥሮ ለደግ የመጣ ጥቂት ነበርና። ይሁን እንጂ ሥራው ሥርዓተ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ሳይቋረጥ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ በኢትዮጵያ ብዙ ተመራማሪዎች የዶክትሬት ማዕርጋቸውን ያገኙትም ከዚሁ መዝገብ ነው።

በዚያው ዘመን፣ ከ1986 እስከ 1988፣ የነርቭ ሕክምና ሊቁ ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ፣ ማለትም በቡታጅራ ዙሪያ፣ ከቤት ወደ ቤት ሄደው 60,820 ሰዎችን ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ደዌ መረመሩ። ለዚሁ የሠለጠኑ ቈጣሪዎች በየጎጆው ገብተው፣ በዚህ ቤት ራሱን ስቶ የሚወድቅ፣ እጅ እግሩ የሰለለ፣ መናገርና መስማት የተሳነው አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፤ አለ የተባለውን ሐኪም ያየዋል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ሲገኙ፣ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ሆነ፤ በፖሊዮ የሰለሉ፣ ነርቫቸው በሥጋ ደዌ የተጐዳም ተቈጠሩ። ከነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ በቤት ጓዳ ተደብቀው፣ ጠበል ከመጠመቅና ቃልቻ ከማየት በቀር ሐኪም ቤት ደርሰው የማያውቁ ነበሩ። ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ የሚመጣውን ብቻ የሚቈጥር ሰው እነዚህን ሊያገኛቸው አይችልም ነበር፤ የቡታጅራም ክብር በዚህ ላይ ነው። ሊቁ ኋላ በ1995 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በአንድ የገጠር ማኅበረሰብ 15,500 ያህል ነዋሪዎች መካከል ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታት ያለባቸው ከመቶ ሦስት መሆናቸውን ገለጹ። የራስና የፊት ሥቃይ በከተማ ሰው ዘንድ ብቻ ያለ ቅንጦት ነው የሚለው አባባል በዚህ ተሽሯል።

የደም ብዛቱም ተራ በጫት በኩል አድርጎ ደረሰ። በ1999 ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10,468 አዋቂዎች የሰበሰቡትን ባሳተሙ ጊዜ፣ ከነዋሪው ግማሹ በጥናቱ ወቅት ጫት ቃሚ ሆኖ ተገኘ። በ2010 የወጣው ሌላው የቡታጅራ ጥናት ደግሞ 334 የዘወትር ቃሚዎችንና ጫት ቀምሰው የማያውቁ 330 ሰዎችን አስተያይቶ፣ የታችኛው ግፊት በቃሚዎቹ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ የደም ብዛትም በቃሚዎቹ ከመቶ 13.4፣ በማይቅሙት ከመቶ 10.7 መሆኑን አስታወቀ። ልዩነቱ በአንድ ሰው ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ግማሹ ሕዝብ በሚቅምበት አገር ግን ትንሽ አይደለም። ጫቱ የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ በመሆኑ ይህን ቍጥር ጮክ ብሎ የሚናገር ሹም ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ስለ ክትፎ የሚነገረው ወቀሳ ግን ከልክ ያለፈ ይመስለኛል፤ የጉራጌ ገበሬ ክትፎ የሚበላው በመስቀልና በእንግዳ ቀን ሲሆን፣ የዕለት ምግቡ ቆጮና ጎመን ነው። ይልቅስ መጠየቅ የሚገባው በየቀኑ ሦስት ጊዜ በሚፈላው ቡና ውስጥ ከቅቤው ጋር የሚጨመረው ጨው ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ደዌያት ዝምድና እንምጣ። በ1930ዎቹ ዋልተር ዳንዲ የተባለው የባልቲሞር ሐኪም የሕሙማኑን ራስ ቅል ከፍቶ ሲያይ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ደም ቅዳ በአምስተኛው ነርቭ ሥር ላይ ተኝቶ አገኘው። በ1967 ፒተር ጃኔታ ደም ቅዳውን ከነርቩ አርቆ በመካከላቸው ለስላሳ ነገር የማስገባትን ጥበብ አስተዋወቀ፤ ብዙዎችም ተፈወሱበት። የደም ብዛት ያለበት ሰው ደም ቅዳ ከዕድሜ ጋር ግድግዳው እየጠነከረ፣ ርዝመቱ እየጨመረና እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ የጭነት ገመድ የአህያን ጀርባ እንደሚልጥ፣ በእያንዳንዱ የልብ ምት ነርቩን እየፈተገ ሽፋኑን ይገፈዋል፤ ሽፋኑ የተገፈፈ ነርቭም ቀላል ንክኪን ወደ ውጋት ለውጦ ያስተላልፋል። ነገሩ በአሳብ ደረጃ እንዲህ ያማረ ቢሆንም፣ ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። በታይዋን ተደርጎ በ2011 የታተመው ሰፊ ጥናት፣ የደም ብዛት ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ሕመም የመጋለጣቸው ዕድል አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ መሆኑን አግኝቷል፤ ከዚያ ቀደም በ2009 በአሜሪካ የወጣው ትንሽ ጥናት ደግሞ ይህን ያህል ልዩነት አላየም። የእኔ ፍርድ፣ የደም ብዛት ከመንገድ ጠራጊዎቹ አንዱ ነው እንጂ የፊት ውጋት ሁሉ አባት አይደለም የሚል ነው፤ የደም ብዛት ካለባቸው እጅግ ብዙ ሰዎች የፊት ውጋት የሚይዛቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸውና።

ዝምድናው በሌላ በኩልም ይገለበጣል። ሥቃይ ራሱ የደምን ግፊት ያንራል። በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል፤ አንዲት እናት ጕንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይገባሉ፤ ወጣቱ ነርስም፣ «እናቴ፣ አረፍ ይበሉ፤ እግርዎን አያነባብሩ፣ ክንድዎን ላላ ያድርጉልኝ» ይላቸዋል። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ጕንጬን ታምሜ ብመጣ ክንዴን ታስረዋለህ?» ይሉታል። ነርሱ ያደረገው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውጋቱ ባለበት ሰዓት የተለካውን ቍጥር ብቻ ይዞ ለዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን ማዘዝ አይገባም። ሥቃዩ ሲበርድ ደግሞ መለካት፣ በሌላም ቀን መድገም ያስፈልጋል።

ለፊቱ ውጋት ዛሬም ቀዳሚ የሆነው ካርባማዜፒን የተባለው ክኒን በ1953 በስዊዘርላንድ ተቀምሞ፣ ለሚጥል በሽታ ሲሞከር ሳለ፣ በ1962 ብሎም የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም ለፊት ነርቭ ሥቃይ እንደሚያገለግል አስታወቀ። ስለዚህ ረዳ ተክለ ሃይማኖት በመስቃንና ማረቆ የቈጠሩት የሚጥል በሽታና የእኒያ እናት የጕንጭ ውጋት በአንድ የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ይገናኛሉ። በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ቀድሞ ከባሕር ማዶ ካልሆነ የማይገኘው ባለሙያ ቍጥሩ እየበረከተ ሄዷል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም የማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው ሆኗል፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት።

የሁለቱ ደዌ መድኃኒቶች እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት ጊዜ እንዳለ ግን በየፋርማሲው መስኮት የሚነግር ሰው አይበዛም። ካርባማዜፒን እንደ ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን ያሉትን የደም ብዛት ክኒኖች ኀይል ያዳክማል፤ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም በአንጻሩ የካርባማዜፒንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርገው ማዞርና መንገዳገድ ያመጣሉ፤ ካርባማዜፒን ሽንት ከሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲወሰድም የደም ሶዲየም ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የፊት ውጋት የያዘህ አንባቢ ሆይ፣ ጥርስህን ከማስነቀልህ በፊት ክንድህንም አስለካ፤ የምትወስዳቸውን ክኒኖች ሁሉ፣ የደም ብዛቱንም የነርቩንም፣ በአንድ ፌስታል ቋጥረህ ለሐኪምህ አሳየው፤ ጫት የምትቅም እንደ ሆነም ሳትደብቅ ንገረው።